የባላምባራስ በቅሎና የወንድሜ ቪዛ

ወፏ የፈለገችው ወንድሜ እንዲሄድ ነው ወይስ እንዲቀር? ይህን ጥያቄ ይዤው ስዞር ፀጉሬ ሸበተ፤ ዛሬም መልስ የለኝም። መጽሐፍ ገልጬ የማላገኘው ነገር ያናድደኛል። ይህ ደግሞ በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

ወፍ ስል የምትበረውን ማለቴ አይደለም። አውጫጭኝ ተቀምጦ የማያውቅ አንባቢ አይጠፋምና ላስረዳ። በእኛ አገር፣ በስማዳ፣ ከብት ሲጠፋ ወይም ጎተራ ሲሰበር የአጥቢያው ወንድ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ሰዉ አንድ በአንድ እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራል። «ይህን ማን ነገራችሁ?» ሲባሉ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። በቃ። ወፍ አትከሰስም፣ አትማልም፣ መስክሪ ተብላ አትጠራም። በአገራችን እንደ እሷ የሚታፈር ፍጡር አልነበረም፤ ከባላምባራስ በቀር።

ወንድሜ አንዳርጌ በረኛ ነበር፤ የእግር ኳስ በረኛ። «የእግር ኳስ» የምትለውን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ገብቶ በረኛ ሆነ የሚል ወሬ ሲደርሳት እናታችን አፍራ ከሰንበቴ ቀርታ ነበር። «የአባቱ ርስት ጦም አድሮ እሱ የሰው በር ይጠብቃል?» አለች። ላስረዳት ተነሣሁ። ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ፣ መዝጊያ የለውም አልኳት።

«መዝጊያ የሌለው በር ምኑ ይጠበቃል?»

ለነገሩ ሙያውን የተማረው ከእኛው ማሳ ነው። በአጨዳ ጊዜ ክምር የሚሠራው እሱ ነበር፤ ክምሩ አናት ላይ ቆሞ ከታች የሚወረወርለትን ነዶ ይቀልባል። ከግራ ቢወረወር፣ ከቀኝ ቢወረወር፣ ሊጥሉት ብለው ሁለት ሆነው ቢወረውሩ፣ አንድ ነዶ መሬት አስነክቶ አያውቅም። አዲስ አበቤዎች ይህን ሲያዩ ኳስ ነው አሉት።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ባል አግብቼ፣ ባል ፈትቼ፣ ሻሽ አስሬ ነው። ወገዳ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስገባ ከመምህሩ በዕድሜ እበልጥ ስለነበር ልጆቹ ጥያቄ ሲኖራቸው ወደ እኔ ይዞሩ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት፤ የተጻፈውን ሁሉ ያነባል። የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር፣ ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞም ስሕተቱን ያርማል። ስለዚህ አንዳርጌ በኅዳር ወር አንድ እቅፍ ወረቀት ይዞ ሲመጣ እናቴ በልጇ ደስ አላት፤ እኔ በወረቀቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የግሪክ አገር ቡድን አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት በወንድሜ ላይ አንዲት ግብ ማግባት አቃተው። ሰዎቹ ተናደው አገራቸው ገቡ። ንዴታቸው ሲበርድ «ይህን ልጅ ለምን አንወስደውም?» ተባባሉና ላኩበት። ኳስ እየያዘ ደመወዝ ሊበላ ነው። እንግዲህ የቀረው መሄድ ብቻ ነበር። «መሄድ ብቻ» የምትለዋን የጻፍኩት ያን ጊዜ እንደዚያ ስላሰብን ነው።

ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እቤታችን ነው። እናቴ ጥጥ ታዳውራለች። አንዳርጌ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ጓንጉል መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባታችን እሳቸው ናቸው፤ አርሰው ያበሉን፣ አንዳርጌንም ክምር ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ባዕድ አገር መግቢያው ሦስት ነው» አልኩ፤ መምህር መሆን የምወደው ነገር ነው። «አንደኛው በሠራተኝነት። ለዚህ ቡድኑ ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችል ሰው ከአገሬው አጣሁ ብሎ ማረጋገጥ አለበት።»

«አገር ሙሉ ሰው አንዲት በር መጠበቅ አቃተው?» አለች እናቴ።

«ሁለተኛው በተማሪነት።»

አንዳርጌ ሳቀ። ከትምህርት ጋር የተለያዩት አምስተኛ ክፍል ላይ በማባዛት ምክንያት ነው፤ እስከ ዛሬ አልታረቁም።

«ሦስተኛው በእንግድነት። እንግዳ ደመወዝ መቀበል አይችልም፤ ቀኑ ሲያልቅም ወደ አገሩ ይመለሳል።»

«እሱ ነው!» አለች እናቴ እንዝርቷን አቁማ። «በእንግድነት ይሂድ። እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

በሠራተኝነት እንዲሆን ተስማማን። እናቴ ግን አልተስማማችም፤ እንዝርቷን መልሳ አሾረች።

ከዚያ ወደ ቅደም ተከተሉ ገባሁ። የግሪኮቹ ቆንሲል የመግቢያ ቪዛ የሚመታው ፓስፖርት ሲያይ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ፓስፖርት የሚሰጠው የመውጫ ቪዛ ሲፈቀድ ነው። የመውጫ ቪዛ የሚፈቀደው ደግሞ ሰውየው የሚገባበት አገር እንደሚያስገባው ሲታወቅ ነው። ነገሩን ሳነበው አበራይ ላይ የሚዞሩት በሬዎቻችን ትዝ አሉኝ፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል አይታወቅም፤ ብቻ ሁሉም ይዞራሉ፤ እህሉም ይወቃል። ደግነቱ ቆንሲሉ ለወንድሜ አዝኖ አንዲት የቃል ወረቀት ጽፎለት ነበር፤ እስከ ገና ድረስ ከመጣህ አስገባሃለሁ የምትል። በእሷ ክቡ በአንድ በኩል ተበጥሷል። የቀረው ከትውልድ አገሩ የሚመጣው ነው። ርስት ያላቸው ሁለት ሰዎች ይመለሳል ብለው ዋስ ይሁኑ። ከወረዳውም፣ ከወገዳ፣ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ያምጣ፤ «ስሙ በሌብነትም ሆነ በማናቸውም ወንጀል ተነሥቶ የማያውቅ ለመሆኑ»።

ይህችን መስመር ደግሜ አነበብኳት። ከወረቀቱ ሁሉ በደንብ የተጻፈችው እሷ ነበረች። እናቴ ሰማች። አንዳርጌም ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ። አያ ጓንጉል ተኝተው ነበር። ተኝተው ነበር የምለው ዓይናቸው ስለተከደነ ነው።

ነቅተው ስለ ዋስ ብንነግራቸው ግን አላቅማሙም። «ርስቴን አስይዛለሁ» አሉ። «ለማን ላስቀምጠው? እኔ ልጅ የለኝም። ብቻ አንተ ልጅ፣» አሉ ወደ አንዳርጌ ዞረው፣ «ሳልሞት ተመለስ። ክምሩን ማን ይሠራዋል?»

ሁለተኛው ዋስ መሪጌታ ነበሩ። መሪጌታ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ከአጥቢያችን ሁሉ በትምህርት የሚበልጡ ሰው ናቸው፤ ከመጠን ያለፈ እውቀት ደግሞ ዋስ ለመሆን አይመችም። እናቴ ጫማቸውን ስማ ጉዳዩን ስትነግራቸው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«ግሪኮች ይጾማሉ?»

«ይጾማሉ፣ መሪጌታ» አልኩ።

«እመቤታችንን ያከብራሉ?»

«ያከብራሉ።»

«ታዲያ ምን ጎደላቸው?» አለች እናቴ።

«ኬልቄዶን» አሉ መሪጌታ ፊታቸው ጠቁሮ። «ሁለት ባሕርይ የሚሉ ናቸው። ልጅሽን ይዘውት ቢጠፉስ?»

«መሪጌታ፣» አለ አንዳርጌ፣ «እኔ ኳስ እንጂ ባሕርይ አልይዝም።»

በግድ ሳቁ። እዚያ እንዳይቆርብ፣ ስለ ባሕርይም ከማንም ጋር እንዳይከራከር አስምለው ዋስ ሆኑለት። በዓለም ላይ በሃይማኖት ክርክር እንዳይገባ ተገዝቶ ወደ ኳስ ሜዳ የሚላክ በረኛ ወንድሜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በነጋታው ወገዳ ወርዶ የጠባይ ማስረጃውን ሊያወጣ ስንቅ ተቋጠረለት።

የባላምባራስ በቅሎ የጠፋችው ያን ዕለት ነው።

ባላምባራስ አጥቢያ ዳኛችን ናቸው። ይህ ማለት ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው፤ ጉዳዩን እንደሚያቀል ተነገረን። «በቅሎዬ ተሰረቀች!» ብለው አዋጅ አስነገሩ። እኔ ለእናቴ «ስትሰረቅ ያየ የለምና ጠፋች እንጂ ተሰረቀች አይባልም» ስላት፣ «ላንች ቃል ነው፤ ለባላምባራስ በቅሎ ናት» አለችኝ። አዋጁ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ አውጫጭኝ እንዲቀመጥ፣ የቀረ እንደ ሌባ እንዲቆጠር ይላል። ጊዜው ደግሞ ገብሱ ደርሶ ማጭድ የሚጠብቅበት ነው። አውጫጭኝ በአጨዳ ሰሞን የሚጠራ ዳኛ ሰውን ያውቃል፤ ገብሱ የቆመበት ሰው ቶሎ ይናገራል።

አንዳርጌ ባላምባራስ ዘንድ ሄደ። ጫማ አድርጎ ነበር፤ ይህም ሳይጎዳው አልቀረም።

«ጌታዬ፣ እኔ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። ለጉዳይ ብመጣ ነው። ለዛሬ ያሰናብቱኝ።»

«ጉዳይህ ምንድን ነው?»

«የዚህ አገር ተወላጅ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ ላወጣ...»

እዚህ ላይ ለራሱም ገባው። ባላምባራስ ፈገግ አሉ ይባላል።

«እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ከሆንክ ተቀመጥ። ካልሆንክ ማስረጃው ምን ያደርግልሃል?»

ተቀመጠ።

ሜዳው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ወንዱ ሁሉ ክብ ሠርቶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ቀን ፀሐይ ያከስለዋል፤ ምሳውንም ራቱንም እኛ ሴቶች አድርሰን ከዳር ሆነን እናቀብላለን። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ናቸው፤ ሰው አንድ በአንድ ይቀርባል፣ ይጎነበሳል፣ ጆሯቸው ሥር የሆነ ነገር ይላል፣ ይመለሳል። የሚሉት ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ «አላየሁም፣ አልሰማሁም»። የጠፋችውን በቅሎ ያየ ሰው በእውነት አልነበረም። ሽማግሌዎቹም በሚያሳዝን ሁኔታ ሐቀኞች ስለነበሩ ያልሰሙትን ሰማን አይሉም።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ገብሱ ዘንበል ማለት ጀመረ። ከገደሉ በኩል ዝንጀሮ እየወጣ ማሳ ለማሳ ይውላል፤ ዝንጀሮ አውጫጭኝ አይቀመጥም። ሴቶቹ ድንጋይ ብንወረውር እኛን ይንቀናል፤ አንዱ ትልቁ ገብስ እየፈለፈለ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ባላምባራስን መሰለኝ። በማታ በኩል ደመና ይቋጥራል። በታኅሣሥ ዝናብ ቢጥል፣ የቆመው ገብስ ተኝቶ ይበሰብሳል፤ የተኛ ገብስ ማለት ደግሞ በክረምት የተኛ ልጅ ማለት ነው፤ የማይነሣም አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ማሳውን ከሩቅ የሚያየው።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። «ወፏ ታማለች?» ይላል አንዱ። «የለም፣ እሷም ገብሷ ደርሶ ነው» ይላል ሌላው። ከዚያ ቀልዱ እየመረረ መጣ። ምግብ ይዤ ስደርስ አንዱ ጎረቤታችን ወደ ወንድሜ እየጮኸ፣

«አንተ አንዳርጌ! በረኛ ነኝ አላልክም? እስቲ በሩን ክፈትልንና እንውጣ!»

ሁሉም ሳቀ። አንዳርጌም ሳቀ። አያ ጓንጉል ግን ራቅ ብለው ማሳቸውን ያዩ ነበር። ወንድሜ ምግቡን ሲቀበለኝ «እታለም፣ ለገና ስንት ቀን ቀረ?» አለኝ። ነገርኩት።

በነጋታው ወፏ ተናገረች።

ሽማግሌው ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ወፍ አንዳርጌን ነገረችን» አሉ። ሜዳው ጸጥ አለ። እኔ ከዳር ቆሜአለሁ፤ እናቴ አጠገቤ ናት፤ እንስራዋን ለቀቀችው። እንስራው ሲሰበር ድምፁ ሜዳውን የቀሰቀሰው ይመስል ሰው ሁሉ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስጽፈው ዛሬም ሰው አያምነኝም። ሌባ ሲያዝ ይሰደባል፣ ይገፈተራል። ወንድሜን ግን ሳሙት! ትከሻውን እየሳሙ፣ እየመረቁት፣ ማጭዳቸውን ይዘው ወደየማሳቸው ሮጡ። «አንተ እኮ ትሄዳለህ!» አለው ያ ጎረቤታችን አንገቱን አቅፎ። «ባሕር ማዶ ማን ይከስሃል? እግዜር ይስጥልን፣ እግዜር ባገርህ ያግባህ!» ሊያገባው የሚመርቀው ወደ የትኛው አገር እንደሆነ አልገባኝም። ከመካከላቸው አንድም ሰው በቅሎዋን እሱ ወስዷታል ብሎ አላመነም። ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ የሚሄድ ሰው ስም ለሚቀረው ሰው ቢጠቅም ምን አለበት? ደግነት ነው ያደረጉት። እርስ በርሳቸው።

ባላምባራስ ግን ዳኛ ናቸውና ሕጉን ተናገሩ። የተጠቆመ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ ካገር እንዳይወጣ ዋስ ይጥራ፤ ካልሆነ ይታሰራል።

አያ ጓንጉል ተነሡ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ወደ ባሕር ማዶ እንዲወጣ ርስታቸውን ያስያዙት ሰው፣ አሁን ያንኑ ርስት አስይዘው ከስማዳ እንዳይወጣ ዋስ ሆኑ። አንድ ሰው፣ አንድ መሬት። ዘሎ ቢሄድ ርስቱ ይወረሳል፤ ሄዶ ባይመለስም ርስቱ ይወረሳል። ሕግ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያለ የተሟላ ነገር ግን አላየሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ጀርባዋ ብቻዋን የምትናገር ሰው ጀርባ ነው። እኔና አንዳርጌ ከኋላ ቀረን። ፈገግ ብሎ ነበር።

«እታለም፣» አለ ዝቅ ብሎ፣ «ወፏ እኮ እኔ ነኝ።»

ቆምኩ።

«ለእማ እንዳትነግሪያት። ቃል ግቢልኝ።»

«ምነው? ምን ሆነህ?»

«ገብሱ ረገፈ እኮ» አለ።

«ወረቀቱስ? አንብቤልህ የለም? ስሙ ያልተነሣ ይላል አላልኩህም?»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ከአንድ ማሳ ውስጥ «አንዳርጌ! ና ክምር ሥራልን!» የሚል ድምፅ መጣ። ዘሎ አጥሩን ተሻገረ። አንዱ ነዶ ወረወረለት፤ በአየር ላይ ቀለበው። እኔም መንገድ ላይ ቆሜ አየሁት። እንደገና ለመጠየቅ ጊዜ ሞልቶ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ጥያቄ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚጠየቅ ይመስለኝ ነበር።

ወገዳ ሲሄድ የወረዳው ጸሐፊ አላመናጨቀውም። «ጉዳይህ ሲያልቅ ና፤ ያን ጊዜ በደስታ እጽፍልሃለሁ» አለው። ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይወልዳል። መጀመሪያ ባላምባራስ ጉንፋን ያዛቸው፤ ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማቱ ሞተችበት፤ ከዚያ ቀጠሮው በዓል ላይ ዋለ። የቆንሲሉ ወረቀት ግን ለማንም ጉንፋን አልቆመችም።

የገና ዕለት ጎረምሳው ሁሉ ሜዳው ላይ ገና ሊጫወት ወጣ፤ ያው አውጫጭኝ የተቀመጥንበት ሜዳ። አንዳርጌ ከዳር ተቀምጦ ያያል። በጨዋታው መሐል ሩሯ ከዱላ አመለጠችና እየተንከባለለች ወደ እሱ መጣች። «ያዛት! ያዛት!» ይላሉ። እግሩ ሥር አልፋ ሄደች። እጁን አልዘረጋም። በሕይወቱ ያለፈችው የመጀመሪያዋ ናት መሰለኝ። መግቢያው የተዘጋው ያን ዕለት ነው።

በቅሎዋ በበልግ ተገኘች። አልተሰረቀችም፤ እኔ ያልኩት ነው፤ ጠፍታ ነው። ገደል ሥር አጥንቷና መርገፏ፣ የጌጥ ልብሷ፣ ተገኘ፤ ሥጋዋን ጅብ ወስዶታል። ባላምባራስ መርገፏን ይዘው አለቀሱ፤ በእውነት አለቀሱ፤ ለእንስሳ የሚያለቅስ ልብ ነበራቸው። ከዚያም አንዳርጌን አስጠርተው «ስምህ ንጹሕ ነው» አሉት። ወገዳም ማስረጃውን ጻፈለት። አነበብኩት። አንድ ስሕተት የለበትም፤ ማኅተሙም እንዴት ያለ ነው! እናቴ ያን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልላ ከመስቀሏ ጋር አስቀመጠችው፤ ለሌላ የሚሆንበት ነገር አልነበረም። ግሪኮቹ ሌላ በረኛ ቀጥረዋል፤ አዲስ አበባም ያለው ቡድኑ እንደዚያው።

በሚቀጥለው ዓመት መከር፣ ከእኛ አገር ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወንድሜ ማጭድ ይዞ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ሁመራ ወረደ። እዚያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። የጠባይ ማስረጃም አይጠየቅም። ዋስ የለም፣ ቆንሲል የለም፣ መግቢያው አንድ ነው፤ በእግር ነው። ሲሄድ እናቴ «በእንግድነት ነው፤ ትመለሳለህ» አለችው። ወባ ይዞ አስቀረው። ወሬውን ያመጣልን አብሮት የወረደ የጋይንት ሰው ነው፤ አፈሩን ያለበሱትም እነሱ ናቸው።

የለቅሶው ዕለት አያ ጓንጉል ደረታቸውን እየመቱ ሲመጡ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ወፍ!» አለቻቸው።

አያ ጓንጉል ባሉበት ቀሩ።

«ርስትህን ልታድን ልጄን የሸጥክ ወፍ! በሬን እንዳታልፍ!»

«አያ» ትላቸው የነበረችውን ወንድሟን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» አለች። እሳቸውም ዞረው ሄዱ። ዓመት አለፈ፣ ዓመት ተተካ። እሳቸው በወንዶች በር ሲገቡ እሷ በሴቶች በር ትወጣለች። የአንዳርጌን ተዝካር ስታወጣ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ሲበላ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። እኔ እንጀራ ይዤላቸው ወጣሁና ፊታቸውን ሳላይ ተመለስኩ። እሳቸው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቃል ገብቻለሁ፤ ደግሞ ለሞተ ሰው የተገባ ቃል መልሱልኝ ተብሎ አይለመንም። ለእናቴ ብነግራት ልጇ በራሱ ላይ እንደፈረደ ትሰማለች። ባልነግራት ወንድሟን በቁሙ ቀብራዋለች። አንዱን ሙት ለማዳን አንዱን ሕያው ስገድል ኖርኩ።

ግን የአንዳርጌ ቃል የሚለው «ለእማ እንዳትነግሪያት» ነው። ቃል በቃል። አያ ጓንጉልን አይልም። ይህን ለማስተዋል ዓመታት የፈጀብኝ፣ የተጻፈ እንጂ የተነገረ ደግሜ ስለማላነብ ነው።

ሄድኩ። የመከር ጊዜ ነበር፣ ቀትር ላይ። አያ ጓንጉል እጅግ አርጅተዋል፤ ማጨድ ስለማይችሉ አውድማቸው ጥግ ጋቢ ተከናንበው ክምር ይጠብቃሉ። ክምሩ ጠማማ ነው፤ ሌላ ሰው ነው የሠራው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አያ፣» አልኩ፣ «የመጣሁት ላሳርፍዎ ነው። እናቴ እርስዎን ያለ ኃጢአትዎ ነው የምትረግምዎ። ወፏ እርስዎ አይደሉም። አንዳርጌ ራሱ ነው። ራሱ ነው ራሱን የጠቆመው፤ በአፉ ነግሮኛል።»

አያ ጓንጉል ከመሬት አንድ የገብስ ራስ አነሡ። መዳፋቸው ላይ አሹት፤ ገለባውን እፍ አሉት፤ ፍሬውን ግን አልበሉትም።

«እሱም?» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«እኔም ጠቁሜዋለሁ» አሉ። «ከዋዜማው ነው። አንዷን ወፍ ብቻ ሽማግሌዎቹ አላመኑም፤ በነጋታው ስሙን ሲጠሩ ግን ሌላ ወፍ እንደ ደገመች ገባኝ፤ ማን ትሆን እል ነበር።»

የአውድማው ንፋስ ገለባውን ይዞ እግራችን ሥር ይዞራል። መጠየቅ ነበረብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ጥያቄ የትም እንደሚጠየቅ ተምሬአለሁ።

«ይሄዳል፣ አይጎዳውም ብለው ነው? ወይስ...»

ፍሬውን ከመዳፋቸው መሬት ላይ አራገፉት።

«አያ፣ ያን ቀን ወረቀቱን ሳነብ ተኝተው ነበር?»

ወደ ጠማማው ክምር አዩ። ብዙ አዩት።

«ዓይኔ ተከድኖ ነበር» አሉ።